ስካነሩን ከመጣላችን በፊት



አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከዚህ ዓለም ሲለዩ ከልብስ ሣጥናቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ትተውልን ሄዱ። በውስጡም የእሳቸውና የእናታችን የኒካህ ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ፣ የቆዩ የግብር ደረሰኞች፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም ለንግድ ሲመላለሱ ከድሬዳዋና ከጅቡቲ ለእናታችን የጻፏቸው ደብዳቤዎች ነበሩበት። ደብዳቤዎቹ ተደጋግመው ከመነበባቸው የተነሣ በታጠፉበት በኩል መበጠስ ጀምረዋል፤ ቀለማቸውም ደብዝዟል። በጅዳ የምትኖረው እህታችን «ቅጂውን ላኩልኝ፤ እኔም የአባቴን ጽሑፍ ልይ» ብላ ስትለምነን ሁላችንም ትዝ ያለን፣ ቁም ሣጥኑ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠው አሮጌው ስካነራችን ነበር።

ስካነሩ ለብዙ ዓመታት አገልግሎናል። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ ከገዛው አዲስ ላፕቶፕ ጋር ስናገናኘው ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ሊያሠራው አልቻለም። ወደ አንድ ጥገና ቤት ብንወስደውም «ጊዜው አልፎበታል፤ ጥላችሁ አዲስ ግዙ» ተባልን። ወንድሜ ተመልሶ «እማ፣ ስካነሩ ሞቷል አሉ» ብሎ ነገራቸው። እናታችን ግን ስካነሩ ሶኬት ላይ ሲሰካ መብራቱ በርቶ ሲንቀሳቀስ በዓይናቸው አይተዋልና «የሞተ ነገር መብራት አብርቶ ይሄዳል እንዴ? ትናንት ሲሠራ የነበረ ዕቃ ዛሬ ምን ነካው?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነበር። በየቤቱ ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ብዙዎች ስለሆኑ መልሱን ከአንባቢያን ጋር መካፈሉ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ችግሩ ከየት የመጣ ነው?

ጠፍጣፋው ስካነር በውስጡ የያዘው ነገር ብዙ አይደለም። ከመስተዋቱ ሥር መብራት አለ። መብራቱን የተሸከመውን ክፍል ሞተርና ቀበቶ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይጎትቱታል። ከወረቀቱ ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን ደግሞ አንድ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ መስመር በመስመር እየተቀበለ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ይህ ሁሉ ሥራ ኮምፒዩተሩ አዲስ ከመሆኑ ወይም አሮጌ ከመሆኑ ጋር ግንኙነት የለውም።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ አስተርጓሚ አለ። ይኸውም ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ስካነሩ የሚናገረውን ለኮምፒዩተሩ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያዘውን ለስካነሩ የሚያደርሰው እርሱ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ የሚዘጋጀው ለተወሰነ ዓይነት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት የተሸጡ የብዙ ስካነሮች ድራይቨር የተጻፈው 32 ቢት ለሚባለው አሠራር ነው። 64 ቢት የሆነው ዊንዶውስ ግን የ32 ቢት ድራይቨርን አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከነጭራሹ የተዘጋጀው በ64 ቢት ብቻ ነው። በአፕል ኮምፒዩተሮች በኩልም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማክኦኤስ ካታሊና የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ማስኬድ አቁሟል።

ታዲያ አምራቹ ለምን አዲስ ድራይቨር አያዘጋጅም? ከዓመታት በፊት ሸጦ ለጨረሰው ሞዴል ድራይቨር መጻፍ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ስለዚህ ይተወዋል። እንግዲህ «ሞቷል» የተባለው ስካነር ብዙውን ጊዜ አልሞተም፤ የጎደለው አስተርጓሚ ነው። የእናታችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር።

በመጀመሪያ ምን እንመልከት?

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችን በፊት ችግሩ በእርግጥ የድራይቨር መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ብዙ ስካነሮች በጉዞ ወቅት የውስጥ አካላቸው እንዳይንገላታ የሚያደርግ ትንሽ መቆለፊያ ከሥራቸው ወይም ከጎናቸው አላቸው። ቤት ሲቀየር ተቆልፎ የተረሳ ሊሆን ይችላልና ይታይ።

ሁለተኛ፣ ኬብሉን በሌላ ኬብል ቀይሮ መሞከርና ስካነሩን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ በኮምፒዩተሩ ዩኤስቢ ላይ መሰካት ተገቢ ነው። በተለይ የራሳቸው የኤሌክትሪክ መስመር የሌላቸውና ኃይል ከዩኤስቢ የሚወስዱ ቀጫጭን ስካነሮች በማከፋፈያ በኩል በቂ ኃይል ላያገኙ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን ገጽ ከፍተን ስካነሩን እንሰካ። በዝርዝሩ ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያለበት አዲስ ነገር ከታየ ኮምፒዩተሩ ስካነሩን አይቶታል፤ ያጣው አስተርጓሚውን ነው። ምንም አዲስ ነገር ካልታየ ግን ጥርጣሬው ወደ ኬብሉ ወይም ወደ ስካነሩ ይዞራል።

መፍትሔዎቹ

1. የአምራቹ የኢንተርኔት ገጽ፦ ለዊንዶውስ 11 የተዘጋጀ ባይኖር እንኳ ለዊንዶውስ 7 የወጣ የ64 ቢት ድራይቨር ካለ ብዙ ጊዜ በአዲሱም ላይ ይሠራል። «ማንኛውንም ድራይቨር በነፃ» እያሉ ከሚያባብሉ የማይታወቁ ገጾች ግን መጠንቀቅ ያሻል። ድራይቨር ፍለጋ ገብቶ ቫይረስ ይዞ የወጣ ብዙ ነው።

2. ቪውስካን፦ ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለ ሲሆን ለብዙ ሺህ የስካነር ሞዴሎች የራሱን አስተርጓሚ ይዟል። የሚሸጥ ነው፤ ሆኖም ከመክፈል በፊት በነፃ መሞከር ይቻላል። በሙከራው ጊዜ በሚወጣው ምስል ላይ ምልክት ያትምበታል እንጂ ስካነሩ መሥራት አለመሥራቱን በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ ሳይሞከር ገንዘብ አይከፈልበት።

3. ሊኑክስ፦ ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ሴን የሚባለው የስካነር ሥርዓቱ አምራቾች የተዉአቸውን ብዙ አሮጌ ስካነሮች ያውቃል፤ የትኛው ሞዴል እንደሚሠራም ዝርዝር አለው። የሊኑክስ መልካም ጎኑ በፍላሽ ላይ ጭኖ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ማስነሣት መቻሉ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሳይነካ ይሞከራል ማለት ነው።

4. አሮጌው ኮምፒዩተር፦ ስካነሩ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ኮምፒዩተር አሁንም የሚነሣ ከሆነ አትጣሉት፤ ለስካነር ሥራ ብቻ ይቀመጥ። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በ2020 የደኅንነት ጥገና ስለተቋረጠባቸው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለባቸውም። ቅጂውን በፍላሽ ወደ አዲሱ ማሻገር ይበቃል።

5. በአዲሱ ውስጥ አሮጌውን ማስኬድ፦ ቨርቹዋልቦክስ በመሰሉ ፕሮግራሞች አማካይነት በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ የ32 ቢት ዊንዶውስ እንደ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ ስካነሩን ለእርሱ መስጠት ይቻላል። ትንሽ እውቀት የሚጠይቅ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ቢያግዝ ይመረጣል።

ስካነሩ ከዩኤስቢ በፊት የነበረ፣ በሰፊው የፕሪንተር ኬብል የሚገናኝ ከሆነ ግን በገበያ ያለውን የዩኤስቢ መለወጫ ለመግዛት አትቸኩሉ። እነዚያ መለወጫዎች የተሠሩት ለፕሪንተር ነው፤ ለስካነር አይሆኑም። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሻለው አራተኛው መንገድ ነው።

የእኛ ስካነር እንዴት ተነሣ?

የአምራቹን ገጽ ስናይ የመጨረሻው ድራይቨር የተዘጋጀው ለኤክስፒ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ ጭኖ ሞከረ። ኮምፒዩተሩ ስካነሩን በስሙ ጠራው። ደስ አለን። ዳሩ ግን «ስካን» ሲባል አልንቀሳቀስ አለ። በኋላ እንደተረዳነው አንዳንድ ስካነሮች በተከፈቱ ቁጥር ከኮምፒዩተሩ የሚላክላቸው ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፋይል ይፈልጋሉ። ፋይሉ የሚገኘው ከስካነሩ ጋር በመጣው ሲዲ ውስጥ ነው። ሲዲውን ማን ያውቃል? ቤቱን ሙሉ ስንፈልግ ውለን እናታችን ከልብስ ስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ አወጡልን። «ከዕቃው ጋር የመጣ ነገር አይጣልም ብዬ ነው» አሉ። ፋይሉ በቦታው ሲቀመጥ መብራቱ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ የአባታችንም ጽሑፍ በኮምፒዩተሩ ላይ ብቅ አለ። አልሐምዱሊላህ።

ከተነሣ በኋላ

አሮጌ ዕቃ ነገም እንደሚሠራ ዋስትና የለውም። ስለዚህ በሠራበት ቀን ከሁሉ በፊት የሚበጠሰውንና ምትክ የሌለውን ወረቀት ማስቀደም ብልህነት ነው።

ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ ይበቃል፤ ለትንንሽ ፎቶግራፎች 600 ይሻላል። አንድ ኤ4 ገጽ በቀለም በ300 ዲፒአይ ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ለማስቀመጥ ቲፍ ወይም ፒኤንጂ፣ ለመላክ ደግሞ ጄፔግ ይመረጣል። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን በፋይሉ ስም ላይ ቢጻፍ ለልጆች ፍለጋ ያቀልላል። ቅጂው በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ቤት ወይም በሌላ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

«በስልክ ፎቶ ማንሣት አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለፈጣን ጉዳይ ይበቃል። ነገር ግን በስልክ የተነሣ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይጣመማል፤ የእጅ ጥላም ያርፍበታል። ስካነር ወረቀቱን አስተካክሎ እኩል ብርሃን ይሰጠዋል። ይሁንና የተጠረዘ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ካላችሁ፣ በወሎና በሐረር ብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንዳለው ዓይነት፣ በስካነር መስተዋት ላይ ገልብጣችሁ አትጫኑት፤ ጥራዙ ይሰበራል። እርሱን ገጽ በገጽ ከላይ በካሜራ ማንሣት ይሻላል።

በእርግጥ የሞተስ?

ሞተሩ የማይዞር ወይም መብራቱ የማይበራ ከሆነ የጥገናውን ዋጋ ከአዲስ ዋጋ ጋር ማመዛዘን ነው። ሆኖም የብዙ አሮጌ ስካነሮች መብራት በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ ስላለው ልጆች እንዳይሰብሩት፣ ከቤት ጥራጊ ጋርም እንዳይጣል ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ለመዋሉ ማስረጃ የተገኘው ከሩብ በታች ለሆነው ነው። ከዚህ ክምር ውስጥ ምን ያህሉ አስተርጓሚ ብቻ ያጣ ጤነኛ ዕቃ ይሆን?

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ስካነር፣ ከአልጋ ሥር ደግሞ የወላጅ ቆርቆሮ አይጠፋም። «ጥላችሁ አዲስ ግዙ» ስንባል ከመቀበላችን በፊት እንደ እናታችን «ትናንት ሲሠራ የነበረ ዕቃ ምን ነካው?» ብለን እንጠይቅ። እህታችን ከጅዳ ደውላ የአባታችንን ደብዳቤ ለእናታችን በስልክ ስታነብላቸው፣ የዕቃው ዋጋ ስንት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።