እግር ለጫማ አልተፈጠረም!

አዲስ ጫማ የምትወዱ እስቲ እጃችሁን አውጡ! እሺ… አሁን ደግሞ በአዲስ ጫማ ተረከዛችሁ ተልጦ፣ ሰው እንዳያያችሁ ጥግ ጥጉን ይዛችሁ፣ እያነከሳችሁ ቤት የገባችሁ እጃችሁን አውጡ። ያው ናችሁ አይደል? አውቄያለሁ!

ወጣትነት እኮ "ጠበበኝ" ማለት ያሳፍረዋል። 40 ቁጥር እግር 39 ውስጥ ይገባና "ግድ የለም፣ ይሰፋል" ይባላል። ሻጩ "ይሰፋል" ይላል። ጓደኛም "ይሰፋል" ትላለች። በሦስተኛው ቀን ታዲያ የሚሰፋው ጫማው ሳይሆን ቁስሉ ይሆናል!

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። እኔ ግን ቀልድ አለመሆኑን ያየሁት ከዓባይ ማዶ፣ በቢቸናና በሞጣ መንገድ ላይ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ የቀረው ሚዜ

ከአዲስ አበባ ደጀን ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከደጀን ወደ ቀኝ ታጥፎ ቢቸና፣ ከቢቸና አልፎ ሞጣ። ሁለቱም ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ደጋ ከተሞች ናቸው። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ዓባይ በረሃ ወርዶ መውጣት ግድ ነው።

አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ቢቸና ለሠርግ የሚሄድ ሚዜ ነበር። ሱፉ ፏ ያለ፣ ጫማው ገና ከካርቶኑ የወጣ! በረሃው ውስጥ ሙቀቱ ሲበዛበት ጫማውን አወለቀ። ደጀን ላይ ሊያጠልቀው ቢል… እምቢ! ገፋ፣ ረገጠ፣ ማሰሪያውን ፈታ፣ አልሆነም። የበላይ ዘለቀ አገር ቢቸና ከሱፉ በታች በነጠላ ጫማ ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ጫማው አልጠበበም፤ እግሩ ነው ያበጠው። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም፣ ወይም ለብዙ ሰዓት ታጥፎ ሲቀመጥ ያብጣል። ሙቀት ደግሞ ያብሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ ጫማ በጠዋት አይገዛም! ከሰዓት በኋላ፣ እግር ከደከመ በኋላ ግዙ። ያን ጊዜ የተመቸ ጫማ ጠዋትም ይመቻል።

ሱቅ ውስጥ ያልሆነ ጫማ ቤት አይሆንም

መርካቶም ግዙ ሞጣ ገበያ፣ ሕጉ አንድ ነው። ሁለቱንም እግር አጥልቃችሁ ቁሙ። አብዛኛው ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ቁጥሩን አትመኑ፤ የአንዱ ፋብሪካ 40 ከሌላው 40 ጋር አይገጥምም። ቆዳ ከሆነ ወደ ጎን ትንሽ ይለጠጣል። ላስቲክና ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን ብዙም አይለጠጥም፤ ዛሬ ከጨመደዳችሁ ነገም ይጨመድዳችኋል። ቁመት የጎደለውን ጫማ ደግሞ ማንም አያስረዝምላችሁም።

ከአቦል እስከ በረካ

በልክ የተገዛ ጫማም ቢሆን መለማመድ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በመጀመሪያው ቀን ወፈር ባለ ካልሲ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንቀሳቀሱ። በማግስቱ ከአቦል እስከ በረካ ይቆይ። በሦስተኛው ቀን እስከ ሱቅ ደርሳችሁ ተመለሱ። በዚህ አኳኋን እየጨመራችሁ ሳምንት አሥር ቀን ስጡት። የሚቆጠቁጣችሁን ቦታ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ላይ ሳይላጥ በፊት ቫዝሊን ተቀቡ ወይም ፕላስተር ለጥፉ። ከተላጠ በኋላ የሚለጠፍ ፕላስተር የዘገየ ነው!

ለትልቅ ቀን ደግሞ ጫማ በዕለቱ ከካርቶን አይወጣም። ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለሥራ ፈተና አስቀድማችሁ አለማምዱት። አበበ ቢቂላን አስታውሱ! ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው ነበር። እግሩን ለጫማ አልሠዋም፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ በሚስማማው ጫማ ሮጦ ደገመው።

የሰፈር መላዎችስ?

"ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ፀሐይ ላይ አስጣው" የሚሏችሁን አትስሙ። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። እሳት ዳር ማስቀመጥም ማስቲሹን ያላቅቀዋል። ቅቤ መቀባትስ? ያለሰልሳል፤ ግን ሲከርም ይሸታል! የጫማ ቅባት እያለ ለምን? ተረከዝ ላይ የሚደርቀውን ክፍል በእጅ እያሻችሁ አለስልሱት፤ ደረቅ ሳሙና ከውስጥ ብትቀቡትም መፋተጉን ይቀንሳል። ጎኑ ብቻ ከጠበበ ወደ ጫማ ሰፊ ውሰዱት። ፎርማ ከትቶ ያሳድረዋል፤ ትንሽ ይሰፋል።

የሞጣዋ እናት

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ሞጣ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ለፋሲካ ለእናቱ ጥሩ የቆዳ ጫማ ገዝቶ ወሰደ። ለጥምቀት ሲመለስ እናቱ በባዶ እግራቸው ናቸው! ጫማው ሳጥን ውስጥ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ነው።

"እማ፣ ምነው? አልወደድሽውም?"

"ወድጄው ነው እንጂ ልጄ! ጊዮርጊስ ደጅ አውልቄ፣ ቅዳሴ ቆሜ፣ ስወጣ እምቢ አለኝ። በእጄ ይዤው መጣሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይደፍረዋል!"

ልጁ ለቁጠባ ያስቀመጡት መስሎት ሊቆጣ ነበር። ጫማ ሰፊው ግን የእናቱን እግር ወረቀት ላይ አስረግጦ በእርሳስ ከበበና ከጫማው ጋር አስተያየው። ዕድሜ ልኩን ባዶውን የሄደ እግር ከፊት በኩል ሰፊ ነው፤ የከተማው ጫማ ደግሞ ሹል! "ይኼ የፎርማ ሥራ አይደለም፣ ሌላ ግዛ" አለው። ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ላላና ጠበቅ የሚደረግ ማሰሪያ ያለው፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ተገዛ። በቡና ሰዓት በቡና ሰዓት እያጠለቁ ለመዱት።

ለምን ይህን ያህል ተጨነቀ ትሉኝ ይሆናል። አክስቱ እግራቸው ያበጠ ነው። ይኸው በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ። በደጋ አገር፣ እሳተ ገሞራ ከተፋው ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲሄዱ፣ ደቂቅ የአፈር ብናኝ በቆዳ ይገባና እግርን ያሳብጣል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ግን ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ሰዎች 3ቱ ያህል ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ለታመመውም ተስፋ አለ፦ በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እግርን መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ አንድ ላይ ሲሆኑ በየጊዜው የሚነሳውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንሱ አረጋግጧል።

ስለዚህ አስቡት፦ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ማንንም አያድንም! ለእናትና ለአባት ጫማ ስትገዙ በግምት አትግዙ። እግራቸውን ወረቀት ላይ አስረግጣችሁ ክበቡ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ሱቅ ግቡ። ቀላል አይደለም እንዴ?

ከተላጣችሁ

ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። በሳሙና ታጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ፕላስተር ሸፍናችሁ ያንን ጫማ እስኪድን ተዉት። ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ነገሩ ለእሱ የከፋ ነው፤ ስሜቱ የደነዘዘ እግር ሲላጥ ላያውቀው ይችላል። ጫማ ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ ማታ ማታ እግሩን ይመልከት፤ ትንሽም ቁስል ቢሆን ለሐኪም ያሳይ።

በሉ እንግዲህ! ደመወዝ ወጥቶ የጫማ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ "ይሰፋል" ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ "አንድ ቁጥር ጨምርልኝ" በሉት።