ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ የቅንጦት አውቶሞቢል መግዛት ይጠቅማልን?

በጋምቤላ ከተማ የሚሠራ ነጋዴ ገቢው ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ አስቀድሞ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ መኪና መግዛት ነው። አሳቡም የሚነቀፍ አይደለም። ወደ ኢታንግ፣ ወደ አቦቦ፣ ወደ ፑኝዶና ወደ ዲማ ለንግድ ለሚመላለስ ሰው መኪና እግሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአዲስ አበባ አንድ ደላላ ስልክ ደውሎ፣ «የታላቅ ሰው መኪና፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ውስጡ እንደ ሳሎን የሆነ፣ በግማሽ ዋጋ ተገኝቶልዎታል» ሲል ነው። ነጋዴውም ኪሎ ሜትሩን ሲጠይቅ 250000 ወይም 300000 መሆኑን ይሰማል። በዚህ ጊዜ የሚወስደው ውሳኔ ለመኪናው ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ለመጪው ወቅት ሰሊጥና በቆሎ መግዣ ያከማቸው ገንዘብ በእጁ ይቈይ ወይም አይቈይ የሚለውንም የሚወስን ነው።

ነገሩን በትክክል ለመመዘን አስቀድሞ አንድ ሐቅ መታወቅ አለበት። የቅንጦት መኪና ባረጀ ቍጥር የመሸጫው ዋጋ ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። አዲስ ሳለ የብዙ ሚሊዮን ብር መኪና የነበረ ዛሬ በሲሶው ቢገኝም፣ ካምቢዮው ወይም የነዳጅ ፓምፑ የሚለወጠው እንደ ታላቅነቱ እንጂ እንደ እርጅናው አይደለም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው የሁለተኛ እጅ ዋጋ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ግን የአንደኛ ደረጃ መኪና ነው።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር። ኮርቻው የቱን ያህል ቢያምር ዓይናቸውን እርሱ ላይ አያሳርፉም፤ ኮርቻውን አስወርደው ጀርባዋ መላላጡን ይዳብሳሉ፣ አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ፣ ሰኰናዋን ያነሣሉ፣ አስረግጠውም አካሄዷን ይመለከታሉ። የዛሬው ገዢም የቆዳውን ወንበርና የቀለሙን መብረቅረቅ እንደ ኮርቻ ቈጥሮ ከሥሩ ያለውን መመርመር ይገባዋል።

የጋምቤላ ንግድ ታሪክም በዚህ ረገድ ትምህርት አለው። በ1894 ዓ.ም በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። መርከቦቹ የሚመጡት ግን ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው ሲጐድል መንገዱ ይዘጋል፤ የጐደለ ዕቃም ሌላ ክረምት ይጠብቃል። ዛሬ ጭነቱ በየብስ ይመላለሳል፤ ዳሩ ግን ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ በአቅራቢያ የማይገኝ መለዋወጫ ዛሬም ነጋዴውን ያስጠብቀዋል። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ በግማሽ ቀን ተፈልጎ የሚገኝ ዕቃ እዚህ ሳምንት ይፈጃል። ዕቃው ቢደርስ እንኳ የሚገጥመው ባለሙያና ብልሽቱን በኮምፒዩተር የሚያነብበው መሣሪያ መኖሩ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ዘመኑም በዚህ ላይ የራሱን ጫና ጨምሯል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ እንዲሆን አድርጓል፤ ከ1800 ሲሲ በላይ ሞተር ባላቸውና ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉት አውቶሞቢሎች ላይ አዋጁ የጣለው ታክስ 500 በመቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም ጥር ወር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የብር ዋጋ ወርዶ፣ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወደደ። ከዚህ የተነሣ በሌላ አገር ለብረት ይሸጥ የነበረ አሮጌ መኪና በእኛ ዘንድ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ለገበያ መቅረቡ የሚጠበቅ ነው። ገዢው ጥንቃቄውን ማብዛት ያለበትም ስለዚህ ነው።

ቅንጦት ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነም መለየት ይገባል። በጋምቤላ በዕርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የታወቀው ጠንካራው ቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ብዙውን ጊዜ የሚነዳው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ በሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ብዙ መካኒኮች ያውቁታል፤ ቺንጊያው በጊዜው ከተለወጠና ዘይቱ ካልተጓደለ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ2000 ዓ.ም ገደማ የወጣው ባለ 8 ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር፣ በተለምዶ ቪ-ኤይት የሚባለው፣ ከስሙ ታላቅነት ጋራ ሌላ ሸክም ይዟል። የናፍጣው ዓይነት 4.5 ሊትር ሞተር፣ 2 ቱርቦና በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ የሚረጩ 8 ኢንጄክተሮች አሉት። እነዚህ ኢንጄክተሮች ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ፤ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ግን ውሃና አሸዋ ሊይዝ ይችላል። አንዳንዶቹ የጀርመን የቅንጦት አውቶሞቢሎች ደግሞ በሞላ ፈንታ በአየር በተነፉ የጐማ ከረጢቶች ላይ የተቀመጡ ናቸው። ጐማው ሲያረጅ ይተነፍሳል፤ አየር የሚሞላው መሣሪያም ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። መኪናውም አንድ ማለዳ መሬት ተኝቶ ይገኛል።

የአየሩ ጠባይም መታሰብ አለበት። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቀንም ያልፋል። አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻማ ከተማ ናት። ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ቬንትሌተር ወይም ያረጀ የውሃ ፓምፕ በዚያ ቅዝቃዜ ጕድለቱን ይሸፍናል፤ ኢታንግ መንገድ ላይ በቀትር ግን ይጋለጣል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ የጥገናው ወጪ ከግዢው ዋጋ ብዙውን ክፍል ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ መኪናውን በከተማ ውስጥ ብቻ አዙሮ መመለስ ፈተና አይባልም። ሻጩ ከፈቀደ በጅማ መንገድ የጊቤን ሸለቆ አስወርዶ እንደገና አቀበቱን ማስወጣት፣ የሙቀት መለኪያውንም መመልከት እውነተኛውን ነገር ይገልጣል። ይህን ጕዞ የሚከለክል ሻጭ ምክንያቱን ሊጠየቅ ይገባዋል።

የኪሎ ሜትሩን ቍጥር በተመለከተ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው ቍጥሩን እንዳለ ማመን ነው። መቍጠሪያው ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የፔዳሉ ጐማ መበላቱ፣ የመሪው ቆዳ መላጡ፣ የሾፌሩ ወንበር መጕደጕዱ ከቍጥሩ ጋራ መመሳከር አለበት። 90000 የሚያሳይ መኪና ፔዳሉ ብረቱ እስኪታይ ድረስ ካለቀ፣ ከቍጥሩ ይልቅ ፔዳሉ ይታመናል። ሁለተኛው ስሕተት ብዙ ቍጥር ያለውን ሁሉ መሸሽ ነው። በረዥም አስፋልት 250000 የሄደና ዘይቱ የተለወጠበት ቀን ሁሉ በደብተር የተጻፈለት መኪና፣ ታሪኩ ካልታወቀና 120000 ከሚያሳየው ይሻላል። ሞተርን ከኪሎ ሜትር ይልቅ የሚጐዳው የጥገና መጓደል ነውና።

ገዢው ከመካኒኩ ጋራ ሲመረምር ቢያንስ የሚከተሉትን ማየት ይገባዋል።

1ኛ/ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ በማለዳ ይነሣ። አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል።

2ኛ/ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈት። በውስጡ እንደ ወተት የነጣ አረፋ ቢታይ ውሃና ዘይት መቀላቀላቸው ያጠራጥራል። የካምቢዮው ዘይትም የጠቈረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም።

3ኛ/ ምንጣፉ ተነሥቶ ከሥሩ፣ የወንበሩም ሐዲድ ይታይ። ደለልና ዝገት ከተገኘ መኪናው በጐርፍ ውስጥ ሰንብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለው የቅንጦት መኪና ውሃ ከገባበት በኋላ ብልሽቱ ማለቂያ የለውም።

4ኛ/ የሚያስፈልጉት ዋና ዋና መለዋወጫዎች ከመግዛቱ በፊት ዋጋቸው ይጠየቅ። ኢንጄክተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፍሬን ሸራ፣ የአየር ከረጢት ወይም ሞላ፣ ጐማ፤ እነዚህ በአገር ውስጥ መኖራቸውና ዋጋቸው በወረቀት ይመዝገብ።

ከብረቱ ቀጥሎ ወረቀቱ ይመረመራል። የሻጩ ስም ከሊብሬው ጋራ መስማማቱ፣ የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር አለመፋቁ፣ ቦሎው የታደሰ መሆኑ ይታይ። መኪናው በባንክ ዕዳ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ እንዳይሆን ሊብሬውን ካወጣው መሥሪያ ቤት ይጣራ። በጋምቤላ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው፣ ድርጅቶች በጨረታ የሚሸጡት መኪና ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጥና ታክሱ ሳይከፈል ስሙ ወደ ገዢው አይዛወርም። ይህን ሳይጠይቅ በጨረታ ያሸነፈ ሰው ቍልፉን እንጂ ባለቤትነቱን አልገዛም። ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይፈጸም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጕድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢውም ዕቃውን ወዲያው እንዲመረምርና ያገኘውን ጕድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ በቃል የነገረው ሁሉ በውሉ ላይ ቢጻፍ ይሻላል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት፤ ቍጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ የቀረቡ ናቸው። አንድ ነጋዴ 280000 ኪሎ ሜትር የሄደ የቅንጦት መኪና በ2400000 ብር ቀረበለት እንበል። በአንጻሩም ቀላል ፒክአፕ በ2900000 ብር አለ። የመጀመሪያው በ500000 ብር የረከሰ ይመስላል። በ2 ዓመት ውስጥ ግን ለቅንጦቱ መኪና ጥገና 800000 ብር ወጥቶ በመጨረሻው በ1900000 ብር ቢሸጥ፣ ነጋዴው 1300000 ብር አጥቷል። ፒክአፑ 240000 ብር ጥገና ፈጅቶ በ2700000 ብር ቢሸጥ ኪሳራው 440000 ብር ነው። በዚሁ ጊዜ ሁለቱም 30000 ኪሎ ሜትር ሄደው፣ አንዱ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር፣ ሌላው 10 ሊትር ቢጠጡ፣ ልዩነቱ 1500 ሊትር ነዳጅ ይሆናል። በግዢ ቀን 500000 ብር ያተረፈ የመሰለው ሰው፣ ነዳጁ ሳይታሰብ 860000 ብር አብልጦ ከፍሏል። መኪናው ጋራዥ ቆሞ ሳለ ያመለጠው ገበያም በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም።

ይህ ሁሉ ሲባል የቅንጦት መኪና ፈጽሞ አይገዛ ማለት አይደለም። የጥገና ደብተሩ የተሟላ፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ መለዋወጫው በአገር ውስጥ የሚገኝ፣ በሙቀትም ተፈትኖ ያለፈ ሲሆን፣ ገዢውም ከዋጋው ሌላ ቢያንስ አንድ አራተኛ ያህል ገንዘብ ለጥገና ለይቶ ማስቀመጥ ሲችል፣ ግዢው ሊያስደስት ይችላል። ከነዚህ አንዱ ቢጐድል ግን መተው ይሻላል። በተለይም የንግዱን ገንዘብ አውጥቶ ወይም ተበድሮ የሚገዛ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው በእርሱ ላይ ይደርሳል።

ነጋዴ በገበያ የሚከበረው ቃሉን በመጠበቁና ዕቃውን በቀኑ በማድረሱ ነው። ማለዳ ተነሥቶ የማያሳፍር ቀላል መኪና ያለው ሰው ከደንበኛው ጋራ በቀጠሮው ይገናኛል፤ ታላቅ መኪናው ጋራዥ የቆመበት ግን የሰው መኪና ሲለምን ይውላል። ደላላው ስልክ በደወለ ጊዜም ነጋዴው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የዋጋውን መርከስ ሳይሆን፣ መኪናው ከተገዛ በኋላ በጋምቤላ ማን እንደሚጠግነው፣ በምንስ ገንዘብ እንደሚጠገን ነው።