ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ሕፃን የሚሰጠው የቡናው መድኃኒት

ሕፃን በእናቱ ማኅፀን 37 ሳምንት ሳይሞላው ሲወለድ፣ ሳንባው ብቻ ሳይሆን ትንፋሹን የሚያዘው የአንጎሉ ክፍልም ገና አልበሰለም። ስለዚህ ተኝቶ ሳለ 20 ሴኮንድና ከዚያም በላይ መተንፈስን ይረሳል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ የልቡም ምት ይዘገያል። አስታማሚዋ እግሩን ነካ ብታደርገው ይነቃል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ማን ሲነካው ያድራል?

ለዚህ ሐኪሞች የሚሰጡት መድኃኒት ካፌይን ነው፤ ይኸውም በየቤታችን በምናፈላው ቡና ውስጥ ያለው፣ እንቅልፍ የሚነሣን ነገር ነው። ቡናን ለእንግዳና ለጨዋታ ስናፈላ ለኖርን ለእኛ ነገሩ ያስደንቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በታተመ ምርምር፣ ሲወለዱ ከ500 እስከ 1250 ግራም የመዘኑ 2006 ሕፃናት በሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ብቻ ካፌይን ተሰጣቸው። እነዚህ ከመተንፈሻው መሣሪያ አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው ተላቀቁ፤ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያገኛቸውም ከመቶ 36 ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ግን 47 ነበሩ።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ሰምታችሁ ከጀበናው አንዲት ጠብታ እንኳ ለሕፃን እንዳታቀምሱ አደራ እንላለን። ሐኪሙ መጠኑን የሚቆርጠው በሕፃኑ ክብደት፣ በሚሊግራም እየለካ ነው። አዋቂ ሰው የጠጣውን ካፌይን እኩሌታ በጥቂት ሰዓት ሲያስወግድ፣ ጨቅላው ግን አራት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ቢበዛበትም ልቡ ይፈጥናል፣ ይቅበጠበጣል። የእርግዝናው ጊዜ ታስቦ 34 ሳምንት ገደማ ሲሞላው መተንፈስን ራሱ ስለሚለምድ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ወደ ቤቱም ከመሄዱ በፊት ሐኪሙ ጥቂት ቀን ያለ መድኃኒት ይጠብቀዋል።