ስለ ቤተ ሙከራ ትምህርትና ስለ ጥንቃቄው

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ በትምህርት ቤት ያልተማረ የለም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢያቆመው ልኩ ከ92 ወይም ከ93 አያልፍም። ታዲያ በደብተሩ የትኛውን ይጻፍ? 100 ብሎ የጻፈው ልጅ ሙሉ ማርክ፣ ያየውን የጻፈው ደግሞ ኤክስ የሚያገኝ ከሆነ፣ ለሁለቱም ያስተማርናቸው ሳይንስን ሳይሆን ኩረጃን ነው።

ነገሩ ምስጢር የለበትም። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው። በምጽዋ 100 የሆነው ልክ በራስ ዳሽን ጫፍ ወደ 85 ገደማ ይወርዳል። ባቄላ በደጋ አልበስል እያለ ማገዶ የሚፈጅባቸው እናቶቻችን ይኸን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል።

ይሁን እንጂ መምህሩ ይኸን አስቀድሞ ከተናገረ ምርመራው ሳይጀመር አለቀ። ልጆቹ በመጀመሪያ የራሳቸውን ግምት ይስጡ። አንዱ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ሌላው «ውሃው ንጹሕ አይደለም» ይላል። ሁለቱም መልካም ግምቶች ናቸው፤ ሁለቱም ይፈተናሉ። ቴርሞሜትሩ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ይግባ፤ የበረዶ መቅለጫ በከፍታ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ 0 ካሳየ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ቀጥሎ የቧንቧውና የተጣራው ውሃ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በእኩል መጠን ተፈልተው ይነጻጸሩ። ጨው ቢጨመር እንኳ ልኩ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የሚሉት ይኸው ነው።

የተጣራ ውሃ ፍለጋ ግን ወደ ጥንቃቄው ጉዳይ ያደርሰናል። በቀላሉ የሚገኘው በጋራዦችና በነዳጅ ማደያዎች ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ነው። የባትሪ አሲድም ከዚያው ከጋራዥ አይታጣም። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው፤ አሲዱ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህም በሃይላንድ ተገልብጦ፣ ስሙ ሳይለጠፍበት የመጣ ፈሳሽ፣ ማንም ያምጣው ማን፣ ወደ ክፍል አይግባ። ቀምሶ ወይም አሽትቶ መለየት ፈጽሞ አይገባም። በግድግዳ ላይ «አትንኩ» ብሎ መለጠፍ ብቻውን ይኸን አያስተምርም፤ ቴርሞሜትሩን «እውነት ትናገራለህን?» ብሎ የመረመረ ልጅ ግን ጠርሙሱንም መጠየቅ ይለምዳል።

ስለ ዕቃዎቹም ጥቂት እንጨምር። የትኩሳት መለኪያ ለ42 ዲግሪ ያህል የተሠራ ስለሆነ በፈላ ውሃ ይሰበራል፤ ባዜቃ ካለበት ደግሞ የፈሰሰው በእጅ አይለቀምም፤ ልጆቹ ይራቁ፣ መስኮት ይከፈት። በአልኮል የሚሠራ ፋኖስ እሳቱ ሳይጠፋና ሳይበርድ አይሞላም። የነጠላ ጫፍና የሹራብ እጅጌ ይሰብሰብ፣ ረጅም ጸጉር ይታሰር።

አሲድ ዓይን ውስጥ ቢገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይኸ በቃል ብቻ የሚሆን አይደለም። ሁለት ሙሉ ጀሪካንና አንድ ባልዲ አሸዋ ከበሩ አጠገብ መኖራቸውን አንድ ተማሪ አይቶ በደብተሩ ከመዘገበ በኋላ ምድጃው ይለኮስ።