ትርታው አለ፤ ደሙስ?

የልብ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና ሊያልቅ ሲል፣ ደረት ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ አሁን የተቀጠለው ሥር በእርግጥ ደም ያደርሳል? ለብዙ ዓመታት መልሱ የሐኪሙ ጣት ነበር። ሥሩን ዳሰስ ያደርጋል፤ ከመታ፣ ደህና ነው ይባላል።

ጣት ግን የሚያውቀው ግፊትን እንጂ ፍሰትን አይደለም። ጫፉ የታነቀ የውሃ ጎማ ይወጠራል፣ ይርገበገባል፤ ውሃ ግን አያወርድም። መጋጠሚያው ላይ የጠበበ ሥርም እንዲሁ እየመታ ሊያታልል ይችላል።

አርጀንቲናዊው ሬኔ ፋቫሎሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ከእግር በተወሰደ ደም መልስ ለተዘጋ የልብ ሥር ተለዋጭ መንገድ ከሠራ ወዲህ፣ የሥራው ጭንቀት ያው ነው። ስፌቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ሥር ላይ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር ነው። መርፌዋ ትንሽ ጠልቃ ብትገባ የማዶውን ግድግዳ ይዛ ትሰፋዋለች።

ዛሬ ሥሩን የሚያቅፍ፣ መንጠቆ የመሰለ ትንሽ መለኪያ አለ። ጄል ተቀብቶ ሥሩ ላይ ሲገባ፣ የአልትራሳውንድ ድምፅ አንዴ ከደሙ ጋር፣ አንዴ ደሙን ተቃውሞ ይጓዛል። ከወንዝ ጋር የሚዋኝ ይቀድማል፣ ሽቅብ የሚዋኝ ይዘገያል፤ ከዚያች ልዩነት የፍሰቱ መጠን ይሰላል። የአውሮፓ ሐኪሞች የ2010 እ.ኤ.አ. መመሪያ፣ ፍሰቱ በደቂቃ ከ20 ሚሊ ሊትር ካነሰና የመዋዠቁ መለኪያ (ፐልሳቲሊቲ ኢንዴክስ) ከ5 ከበለጠ፣ ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሳይወጣ ሥሩ ይታረም ይል ነበር።

እኔን ከቁጥሮቹ በላይ የሚገርመኝ በስክሪኑ ላይ የሚሣለው ሞገድ ነው። ልብ ሲኮማተር የራሱን ሥሮች ይጨምቃል። ስለዚህ የግራው ጡንቻ በአብዛኛው ደም የሚያገኘው ሲላላ ነው፤ ሌላውን አብልቶ ኋላ እንደሚጎርስ አስተናጋጅ። ወደ ግራ የተቀጠለ ጤነኛ ሥር ሞገዱ በዚያች የዕረፍት ቅጽበት ከፍ ይላል። ልብ ሲኮማተር ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ግን ያሠጋል።

ቁጥር ያነሰ ሁሉ ስፌቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የደም ግፊት ወርዶ፣ ሥሩ ተኮማትሮ፣ ወይም ነባሩ የልብ ሥር ገና ደም እያሳለፈ ፍሰቱን ተሻምቶ ሊሆን ይችላል። አስተዋይ ሐኪም መጀመሪያ ግፊቱን ያስተካክላል፣ ሥሩ እንዳልተጠማዘዘ ያያል፣ እንደገና ይለካል፤ ከዚያ ነው ስፌቱን የሚፈታው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ በታተመ፣ 1016 ታካሚዎችን በያዘ ጥናት፣ ልኬቱና አብሮት የተነሣው የአልትራሳውንድ ምስል ከአራት ታካሚዎች በአንዱ ገደማ የሐኪሞቹን ዕቅድ አስለውጠዋል።

ደረት ክፍት እያለ አንድ ስፌት ፈቶ መስፋት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ያው ጉድለት ሌሊት በታካሚው አልጋ ላይ የልብ ድካም ሆኖ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ለዚህ ነው ልኬቱ የትም ቢሆን ልማድ እንዲሆን የምመኘው። የደሙን የመርጋት ችሎታ የሚመልሰው መድኃኒት ከተሰጠ በኋላም፣ ሽቦው ደረትን ከማሰሩ በፊት፣ መንጠቆው አንዴ እንደገና ሥሩን ያቅፋል።