የብርድ አገር ፀሐይ

ስለ ፀሐይ ኃይል ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት አፋር፣ ሶማሌ ወይም ድሬዳዋ ነው። ሐሩር ባለበት ፀሐይ አለ፣ ብርድ ባለበት የለም ብለን ለምደናል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው ያየ ሰው እዚህ ሶላር ምን ሊሠራ ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሶላር ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀትማ ያደክመዋል።

ፋብሪካ ፓኔልን የሚለካው ፓኔሉ ራሱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ ነው። ጀርባው ላይ 550 ዋት ተብሎ የሚጻፈውም ያኔ የሰጠው ጉልበት ነው። ከዚያ በላይ በሚጨምረው በእያንዳንዱ ዲግሪ ጉልበቱ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኔል ደግሞ በዙሪያው ካለው አየር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይበልጥ ይግላል። ሰመራ ላይ አየሩ 40 ዲግሪ በገባበት ቀትር ፓኔሉ 65ን ያልፋል፤ ሱሉልታ ላይ አየሩ 20 ሲሆን 45 እና 50 መካከል ይቆማል። በእኩል ብርሃን የሱሉልታው ከሰመራው 7 በመቶ ያህል ብልጫ አለው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ቡራዩና ሰበታም ቢሆኑ ከ2,300 ሜትር አይወርዱም። አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ብዙም ሳይጣራ ይወርዳል። ደጅ ስንቆም ፀሐይዋ አናታችንን እየለበለበች፣ ጥላ ውስጥ ስንገባ ወዲያው የሚበርደን ለዚህ ነው።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሰበታ በጅማ መውጫ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። አዲስ አበባ ሠርቶ እዚያ የሚያድረው ሰው ብዙ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ቤቱን ጨርሶ ቆጣሪ እስኪገባለት ከጎረቤት ገመድ ስቦ የሚኖር አለ። ቆጣሪ የገባለትም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያመሻል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ሶላር የሚገዛው አብዛኛው ሰው ፍሪጁ እንዳይበላሽበት፣ ልጁ ማታ እንዲያጠና ነው።

የፀሐይዋ አካሄድ ደግሞ ለእኛ ያደላ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መገባደጃ፣ በአናታችን ትክክል ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ የቀረውን ዓመት በደቡብ በኩል ትሄዳለች። ወደ ሰሜን የምታዘነብልበት ጊዜ ግን አብዛኛው ክረምት ነው፤ ሰማዩ ደመና ነው፤ ብርሃኑም ከየአቅጣጫው ተበትኖ ነው የሚመጣው። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሎ የሰቀለ ሰው የበጋውን ፀሐይ በደንብ ይቀበላል፣ በክረምት የሚያጣውም ጥቂት ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ማስተኛት አይመከርም፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ መውረድ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነሳ አንድ ነገር አለ። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። ግድቦች በክረምት ይሞላሉ፣ በበጋ እየጎደሉ ይሄዳሉ። ፀሐይ ደግሞ የምትበረታው ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ግድቡ በሚጎድልበት ወቅት ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋዋት አቅም ተመርቋል። ከዚያ በኋላ የጣሪያ ፀሐይ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ሁለቱ የሚደጋገፉ ናቸው ባይ ነኝ። በበጋ ቀን ጣሪያው የሸፈነውን ያህል ውሃ ከግድቡ ለማታ ይተርፋል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ስድስት አምፖል፣ እያንዳንዱ 7 ዋት፣ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ 210 ዋት ሰዓት ይፈጃል። 60 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት 240 ነው። ቀንና ሌሊት የማይጠፋው የዋይፋይ ራውተር በ10 ዋት ሌላ 240 ይጨምራል። የቤተሰቡን ስልኮች ለመሙላት 60 እንበል። ሁሉም ተደምሮ 750 ዋት ሰዓት ነው። መካከለኛ ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲጨመርበት 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በበጋ ቀን፣ በሽቦ፣ በኢንቨርተርና በባትሪ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስገባል። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ትንሽ ያለፈ አንድ ሰሌዳ የቤቱን መብራት፣ ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ቻለ ማለት ነው። በሐምሌ ጨለማ ቀን ግን ግማሹን እንኳ ላያመጣ ስለሚችል፣ ፍሪጅ ያለበት ቤት ሁለተኛ ፓኔል ቢጨምር ይሻለዋል።

ሒሳቡ የሚፈርሰው ምጣድ ሲመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ለሁለት ሰዓት እንጀራ ሲጋገር 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ ከላይ የቆጠርነው ቤት በአራት ቀን የሚፈጀውን ሁሉ በአንድ ጠዋት መብላት ነው። ይህን ከሶላር ለማውጣት ሦስት አራት ፓኔል፣ ከ4 ኪሎዋት የማያንስ ኢንቨርተርና ያንን ጭነት የሚችል ባትሪ ያስፈልጋል። ኪስ የሚያራቁተው ባትሪው ነው። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሆነ ጄል ባትሪ በወረቀት ላይ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ግን ከግማሹ በላይ ባይቀዳ ይመረጣል። ሊትየም የሚባለው ከ80 በመቶ በላይ ቢቀዳም ይችላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ሶላሩ ቤቱን ሁሉ ያንቀሳቅሳል የሚል ሻጭ ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው ምጣዱም ጭምር ነው ወይ ተብሎ ነው። ለጊዜው ምጣዱን ለቆጣሪው፣ ሌላውን ለጣሪያው መተው ነው የሚያዋጣው። እንጀራን በቀጥታ በፀሐይ ሙቀት ለመጋገር መቀሌ ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓመታት ምርምር ተደርጓል። የፀሐይን ሙቀት በእንፋሎት ወይም በዘይት አማካይነት ምጣድ ሥር አድርሶ 200 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት እንደሚቻል ተመራማሪዎቹ አሳይተዋል። ይህ ሥራ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ጓዳችን እንዲገባ ከልቤ እመኛለሁ፤ ለኢትዮጵያ ቤት ከዚህ የሚበልጥ የፀሐይ ሥራ አይታየኝም።

በእነዚህ ከተሞች ጣሪያ ላይ የሚታየው ሶላር ሁሉ ግን መብራት የሚሰጥ አይደለም። በርሜል የተሸከመው፣ ሥሩ የመስታወት ቱቦ የተደረደረበት የውሃ ማሞቂያ ነው፤ ከገንዘቡ አንጻር ካየነው ደግሞ ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው። 200 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 8.6 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን ማሞቂያው ይህን ያለ ቆጣሪ ያደርገዋል። ሱሉልታ ለሚኖር ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ጣሪያ ላይ ያለ ነገር ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያለው ማሞቂያ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቧንቧ ሊሰነጥቅ ይችላል። አየር የተመጠጠላቸው ድርብ ቱቦዎች ይህን በተሻለ ይቋቋማሉ።

ያው የጠራ ሰማይ የቤቱንም ሙቀት ነው የሚወስደው። ማለዳ ከቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ የሚንጠባጠበው ውሃ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ነው፤ የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ስለዚህ ፓኔል ከመግዛት በፊት ቤቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ብርዱን መከላከል የሚችል ቤት ሙቀት በኤሌክትሪክ አይገዛም። ከቆርቆሮው ሥር በደንብ የተገጠመ ኮርኒስ፣ በላዩም ሙቀት የሚይዝ ነገር ቢነጠፍበት፣ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበልጣል።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ቶሎ የናቅነው ነገር አለ፤ ጭቃ። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ውሃ እየጠጣ፣ በእግር እየተረገጠ ለቀናት ይቀመጣል። ጭዱ መበስበስ ጀምሮ ሲሸት ጭቃው ሙጫ ይይዛል፤ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ይመረጋል፣ ከዚያ በቀጭን ጭቃና በእበት ይለሰናል። 30 ሴንቲሜትር የሚወፍር የአፈር ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ከ8 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ሰመራ ላይ ይህ ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ግለት ይመልሳል፤ ሱሉልታ ላይ ደግሞ የከሰዓቱን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። የጭቃ ቤት ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ ግርጌውን የሚያርሰው የክረምት ውሃና እንጨቱን የሚበላው ምስጥ። ግርጌውን በድንጋይ መሠረት ከፍ ማድረግና የጣሪያውን ክፈፍ ሰፋ አድርጎ ማውጣት የመጀመሪያውን ያቃልላል። ለሁለተኛው መልስ የሚሆነው እንጨት የሌለበት የአፈር ግድግዳ ነው።

ይህ ተሠርቶ ታይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር በ2003 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ ሱዱ የሚባል ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት አቁሟል። የታችኛው ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ የፎቁ ወለልና ጣሪያው ደግሞ ከስስ ጡብ በቅስት ተያይዞ የተሠራ ነው፤ ዓላማው ውድ ከሆነው ብረት፣ ሲሚንቶና እንጨት መላቀቅ ነበር። በሱሉልታ በኩል ከደርባ ሲሚንቶ ጭነው የሚወርዱትን መኪኖች ያየ ሰው ምን ያህል እንደምንፈጅ ይገባዋል። የሲሚንቶ ምርት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይይዛል። እኔ ብሎኬት ይቅር አልልም። መሠረቱ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ ላይ፣ ውሃ በሚነካው ሁሉ ተገቢ ነው። ለመኝታ ቤት ግድግዳ ግን አፈሩ ይበልጣል። የሱሉልታን ጥቁር ዋልካ ግን ማንም እንዳይነካው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ የቆመውንም ግድግዳ ይሰነጥቃል።

መስኮትም ቦታ አለው። አቡ ዳቢ አጠገብ በበረሃ የተገነባችው ማስዳር ከተማ ጠባብ ጎዳናዎቿ ጥላ እንዲኖራቸው፣ 45 ሜትር የሚረዝመው የነፋስ ማማዋም ቀዝቃዛ አየር እንዲያወርድ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ እዚያ ሁሉ ነገር ከፀሐይ መሸሽ ነው። እኛ ግን ፀሐይዋን ወደ ቤት መጥራት ነው ያለብን። ቀትር ላይ ከፍ ስለምትል በመስኮት ብዙም አትገባም፤ የምትገባው ጠዋትና ከሰዓት ዝቅ ስትል ነው። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ያለ መስኮት ማለዳውን ያሞቃል፤ በምዕራብ ያለው ደግሞ ማታ ለሚተኛበት ክፍል ሙቀት ይሰበስባል።

ፓኔሉ ሲሰቀል ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቆርቆሮው ነው። ብሎኑ መግባት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ፣ ከሥሩ ሞራሌ ባለበት ቦታ፣ ከጎማ ጋር ነው። ሸለቆው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ውሃ መውረጃው ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ሐምሌ ሳያልፍ ያፈሳል። ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ሌላው ፈተና ባሕር ዛፍ ነው። የፓኔሉ ሴሎች ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ቅርንጫፍ ጥላውን ጥግ ላይ ቢጥል የሚጎዳው ያ ጥግ ብቻ አይደለም፤ የብዙውን ሰሌዳ ጉልበት ይጎትታል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበትን ቦታ በዓይን ሳያረጋግጡ መብሳት የለም። በረዶውን ብዙ ሰው ይፈራል፤ ደረጃውን የጠበቀ ፓኔል ግን 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ኳስ በሰዓት 83 ኪሎሜትር ገደማ ተወርውሮበት ያልፋል። የበጋው የኮረኮንች መንገድ አቧራ የበለጠ ይጎዳዋል። ሰሌዳው ሳይግል ማለዳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ዕቃው ከተገዛ በኋላ የሚያሳስበው የባለሙያ ነገር ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል መንደር ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ከሺህ በላይ ቤቶችን በሶላር አብርቷል፤ የሶላር ባለሙያ የሚሰለጥንበት ማዕከልም እዚያው ከፍቷል። አምፖሉ ሲጠፋ የሚጠግነው ሰው መንደሩ ውስጥ እንዲኖር ነው። ሰበታም ቡራዩም ኤሌክትሪሺያን አያጡም፤ ባትሪ ለክቶ፣ ጥላ አይቶ፣ የቤቱን ፍጆታ ደምሮ የሚመክር የሶላር ባለሙያ ግን ያንሳቸዋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ይህን ትምህርት በስፋት ቢሰጡ ተማሪው ሥራ አያጣም።

ቤቱ ገና ቆርቆሮ ካልለበሰ ደግሞ ዛሬ የሚሠራ ነገር አለ። ከጣሪያው የሚበልጠው ተዳፋት ወደ ደቡብ እንዲያይ አናጢው ጋር መነጋገር፣ በዚያ በኩል ሞራሌውን ጠበቅ አድርጎ ማስመታት፣ ከጣሪያ ሥር እስከ ቆጣሪው ድረስ ባዶ የሽቦ ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ ማስቀበር። ፓኔሉ የሚገዛው ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሆን እንኳ ያኔ ግድግዳ አይፈረስም።