አልጋ ያገኘ፣ ድምፅ ያጣ፦ የአእምሮ ሕሙማን በጎ አድራጎት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ስለሚረዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚነሣው ክርክር በየዓመቱ በተመሳሳይ መልክ ይመለሳል። የገቢ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀ ቁጥር ሕሙማኑን ከጎዳና የማንሣት ኃላፊነት የማን እንደሆነ፣ ያሉት ማዕከላት ይበቁ እንደሆነ ወይም ሌላ መገንባት ያስፈልግ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ልግስናው ለጥቂት ሳምንታት ይጎርፍና ጉዳዩ እስከሚቀጥለው ጥሪ ድረስ ይረሳል። ችግሩን ለማስረዳት ዘወትር የሚጠቀሱት ምክንያቶች የሐኪም ማነስ፣ ድህነትና ሕመሙን ከርኩስ መንፈስ ጋር የሚያያይዘው እምነት ናቸው። ሁሉም እውነትነት አላቸው፤ ሆኖም የአገሪቱ በጎ አድራጎት በመጠለያ በኩል ሲጠነክር በመብት ጥያቄ በኩል ለምን እንደደከመ ብቻቸውን አያስረዱም። ለዚህ ከፍ ያለ ድርሻ ያለው፣ ግን እምብዛም የማይነሣው ምክንያት በ2001 ዓ.ም. የወጣ አንድ አዋጅና አዋጁ ያስለመደው የገንዘብ አሠራር ነው።

አዋጁ ያስከተለውን ለመረዳት በጎ አድራጎት የሚሠራቸውን ሁለት ሥራዎች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እንክብካቤ ሲሆን ምግብ፣ አልባሳት፣ መኝታና መድኃኒት ማቅረብን ያጠቃልላል። ሁለተኛው ውትወታ ይባላል፤ ትርጉሙም ሕግ እንዲሻሻል፣ በጀት እንዲመደብ፣ አገልግሎት እንዲስፋፋ ተጎጂዎቹን ወክሎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጎጂዎቹ ራሳቸው በአደባባይ እንዲናገሩ አድርጎ፣ ባለሥልጣናትን ያለመሰልቸት መጎትጎት ማለት ነው። ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉ ናቸው፤ ምክንያቱም የትኛው የመድኃኒት ዓይነት ከጤና ጣቢያ እንደጠፋ፣ የትኛው የመሥሪያ ቤት አሠራር ሕሙማንን እንደሚያንገላታ አስቀድሞ የሚያውቀው በየዕለቱ አብሯቸው የሚውለው ሰው ነውና።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ይህን ትስስር በጠሰው። በአዋጁ መሠረት ከገቢው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች፣ በአካል ጉዳተኞችና በሕፃናት መብት፣ እንዲሁም በፍትሕ ዘርፍ መሥራት አይችልም ነበር። በሌላ አነጋገር የውጭ እርዳታ የሚቀበል ድርጅት ዳቦ ማደል ይፈቀድለታል፤ ዳቦው የጠፋበትን ምክንያት በሕግና በመብት ቋንቋ መጠየቅ ግን ይከለከላል። በዚህ ላይ ከድርጅቱ በጀት ቢያንስ 70 ከመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 ከመቶው ለአስተዳደር እንዲውል የሚያዝ ድንጋጌ ተጨመረ፤ የማስፈጸሚያ መመሪያውም በመጀመሪያው አወጣጡ ሥልጠናንና የመስክ ጉዞን የመሰሉ ወጪዎችን ወደ አስተዳደር ረድፍ ወሰዳቸው። ለመጠለያ ይህ ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ የጤፍና የብርድ ልብስ ደረሰኝ ያለ ጥርጥር የዓላማ ወጪ ነውና። ሥራው ሰዎችን ማሰባሰብ፣ ማሠልጠንና ከወረዳ ወረዳ መዞር ለሆነ ማኅበር ግን ድንጋጌው የሥራውን እግር የሚቆርጥ ነበር።

አዋጁ ሁሉንም ዘርፎች የነካ ቢሆንም በአእምሮ ጤና ላይ የበለጠ የከበደው በመጣበት ጊዜ ምክንያት ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ኢትዮጵያውያን እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት ተደራጅተው በአደባባይ ስለ ራሳቸው መናገር ሲጀምሩ በሽታው ከማንኛውም ሕመም በላይ የሚያስገልል ነበር፤ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ማኅበራቱ የየራሳቸው አባላት፣ ጽሕፈት ቤትና የመናገር ልምድ ነበራቸው። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ለመጀመር ጊዜያቸው በደረሰ ሰዓት ግን በሩ ተዘጋ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው አዋጁ በወጣ በዓመቱ፣ በ2002 ዓ.ም. ነበር። ስምምነቱ ዘለቄታ ያለው የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች የመብቱ ባለቤቶች አድርጎ ሲያካትት፣ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ስለ መብቱ እንዲናገሩ ሊደግፏቸው የሚችሉትን ድርጅቶች አፍ ይዞ ቆየ።

በዚህ ንጽጽር ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው የኤች አይ ቪ ማኅበራትን ያጠነከራቸው ከዓለም አቀፍ ለጋሾች የመጣው ከፍተኛ ገንዘብ ነው የሚል ነው፤ ትክክል ነው፣ የአእምሮ ጤናም የዚያን ገንዘብ ሽራፊ እንኳ አላገኘም። ሁለተኛው ደግሞ ሕመሙ ራሱ የመናገር አቅምን ስለሚነካ ሕሙማኑ ተደራጅተው ይከራከራሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው የሚል ነው። ይህኛው አያሳምንም። ከባድ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንኳ ሕክምና ሲያገኝ ለረጅም ጊዜ ተረጋግቶ የሚኖር፣ የደረሰበትንም ከማንም በተሻለ የሚያስረዳ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ይህንኑ አሳይተዋል። የጎደለው የሚናገር ሰው ሳይሆን የሚናገረውን ሰው አውቶቡስ አሳፍሮ ስብሰባ የሚያደርስ ገንዘብ ነበር።

ውትወታው በተዳከመበት ዘመን መጠለያው አበበ። ብንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከአነስተኛ ጅማሮ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ማኖር የደረሰ ሲሆን፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መሪ ቃሉም በአገር ውስጥም ሆነ በስደት በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ልግስናን የሚቀሰቅስ አባባል ሆኗል። የዚህን ሥራ ዋጋ የሚያሳንስ ክርክር ከንቱ ነው፤ ማዕከሉ ያነሣቸው ሰዎች ባይነሡ ኖሮ ብዙዎቹ በብርድ፣ በረኃብና በመኪና አደጋ ባለቁ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው አዋጁና የለጋሹ ዓይን ወደ አንድ አቅጣጫ መመልከታቸው ነው። በበዓል ማግሥት ማዕከሉን የሚጎበኝ ቤተሰብ የታጠበና የጠገበ ሰው አይቶ ይረካል፤ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሳይቋረጥ በመቅረቡ ምክንያት ጎዳና ያልወጣን ሰው ግን ማንም ሊጎበኘው አይችልም፤ ያልደረሰ ጥፋት ፎቶግራፍ የለውም።

የዚህ መዛባት የመጀመሪያው መዘዝ የሚታየው ከጎዳናው ርቆ፣ በገጠር ጓዳ ውስጥ ነው። በቡታጅራና በአካባቢው በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ ወደ 68,000 የሚጠጉ ሰዎችን በየቤታቸው መርምሮ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ለየ። ስኪዞፍሬንያ ሐሳብንና እውነታን የመለየት ችሎታን የሚያናጋ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እንደ መስማት ያሉ ምልክቶች ያሉት ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ሕመሙ ከተገኘባቸው መካከል ቀደም ሲል ዘመናዊ ሕክምና ያገኙት ከ10 ከመቶ በታች ነበሩ። በዚያው አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለው ጥናት ደግሞ ከሌላው ሰው በአማካይ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱና ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ እንደሆነ አሳየ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ከቤተሰባቸው ጋር ነው። ጸበል ወይም ዱዓ ወስዶ፣ ከብት ሸጦ፣ ተስፋ ሲቆርጥ ደግሞ እያለቀሰ ልጁን በሰንሰለት የሚያስር ወላጅ ለልጁ ጭካኔ ኖሮት አይደለም፤ ልጁ ጠፍቶ እንዳይቀር ወይም ጎረቤት ጎድቶ እንዳይገደል ከመስጋት ነው። ለማዕከላት የሚሰጠው ልግስና ይህን ቤተሰብ የሚያገኘው ሰንሰለቱ ከተበጠሰና ልጁ ጎዳና ከወጣ በኋላ ብቻ ነው።

በቤት ሳሉ መርዳት አይቻልም እንዳይባል ማስረጃው ከዚያው አገር ተገኝቷል። በደቡብ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ በሶዶና በአካባቢው በ48 ቀበሌዎች የተካሄደውና ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናት 166 ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በሁለት መድቦ አነጻጸረ። አንደኛው ቡድን በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ሲያገኝ፣ ለሁለተኛው በተጨማሪ ሐኪም ያልሆኑ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች በየቤቱ እየሄዱ መድኃኒት መወሰዱን እንዲከታተሉ፣ ሕመምተኛው ወደ እርሻውና ወደ ዕድሩ እንዲመለስ እንዲያግዙና ከጎረቤት ጋር እንዲያስታርቁት ተደረገ። ከዓመት በኋላ የሁለተኛው ቡድን ዕለታዊ ኑሮን የመምራት ችግር ከመጀመሪያው ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ይህ የሥራ ዓይነት ግዙፍ ሕንጻም ሆነ ስፔሻሊስት ሐኪም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሥልጠና፣ አበልና የመንገድ ገንዘብ ሲሆን፣ እነዚህ ደግሞ በትክክል የ2001ዱ አሠራር ከዓላማ ወጪ ያስወጣቸው ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው መዘዝ የመድኃኒት ጉዳይ ነው። የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመላ አገሪቱ በነጻ ሲሰጥ፣ ለዓመታት ያለማቋረጥ መወሰድ ያለበት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ግን ከነጻዎቹ አገልግሎቶች ዝርዝር ውጭ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ እንኳ መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ሲጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ለመግዛት ይገደዳል፤ ሲያቅተው ሕክምናው ይቋረጣል፣ ሕመሙ ያገረሻል፣ ሕመምተኛውም ወደ ጎዳናና ወደ ማዕከል የሚወስደውን መንገድ ይጀምራል። ስለዚህ ማዕከላቱ በአንድ በኩል የሚያነሡትን ሰው የመድኃኒት ሥርዓቱ በሌላ በኩል እየጣለው ነው ማለት ይቻላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ መደንገጉን ጠቅሶ ይህን ሰንሰለት እንዲቆርጥ በተደራጀ ኃይል የሚሞግት ግን አልበረከተም።

ሦስተኛው መዘዝ ምናልባት ከሁሉም ያነሰ የሚታወቀው ነው። በአእምሮ ሕመም ላይ ብቻ ያተኮረ ሕግ በሌለበት አገር የሕመምተኛው ሕጋዊ አቋም እስከ አሁን የሚመዘነው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም እንዲኖር የተደረገ ሰው እዚያ እስካለ ድረስ ዕብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል፤ ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነ መንደር ደግሞ አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስለ ሕመሙ ሲሉ የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያደረጉት ሰው ለተመሳሳይ ፍረጃ ይዳረጋል። በዚህ መልክ የተፈረጀ ሰው የሚፈርመው ውል ሊፈርስ ይችላል። ሕጉ የወጣው ሕመምተኛውን ከአታላዮች ለመጠበቅ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሰንሰለቱና የመጠለያው አልጋ ራሳቸው በሰውየው ችሎታ ላይ ማስረጃ ሆነው እንዲቀርቡ ይፈቅዳል፣ ይህም በ2002 ዓ.ም. ከጸደቀው ስምምነት መንፈስ ጋር ለመታረቅ ይቸግረዋል።

አዋጅ ቁጥር 621/2001 በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። አዲሱ አዋጅ የውጭ ገንዘብ ገደቡን አነሣ፣ የአስተዳደራዊ ወጪን ትርጓሜ አጠበበ፣ ጣራውንም 20 ከመቶ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ግን ለጋሹ አሁንም በዋነኛነት የሚሰጠው ለሕንጻና ለምግብ ነው፤ ማዕከላቱም ስኬታቸውን የሚናገሩት ስንት ሰው እንዳነሡ በመቁጠር ሲሆን፣ ስንቱ ወደ ቤቱ ተመልሶ ከዓመት በኋላም ተረጋግቶ እንደሚኖር መጠየቅ ገና ልማድ አልሆነም። በአሥር ዓመት ውስጥ የተለማመደ እጅ ሕግ ስለተለወጠ ብቻ አቅጣጫውን አይለውጥም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጾች እንዲሻሻሉ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም በነጻ ከሚሰጡት ተርታ እንዲገባ ለምክር ቤትና ለጤና ሚኒስቴር አቤት ማለት ዛሬ ለማንኛውም ማኅበር ክልክል አይደለም። አቤቱታውን በአስታማሚዎችና በሕሙማኑ በራሳቸው አንደበት ለማቅረብ የሚያስፈልገው ከየወረዳው ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣቸው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የሁለት ሌሊት ማደሪያና ለመሰብሰቢያ የሚሆን አዳራሽ ነው፤ ለአንድ ማዕከል የወር ቀለብ ከሚወጣው ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ የሆነውን ይህን ወጪ ለመሸፈን ፈቃደኛ የሆነ ለጋሽ ነው እስከ አሁን የጠፋው።